የላፕቶፕ ልዩ ቁልፎች በሊኑክስ ከርነል

የላፕቶፕ ልዩ ቁልፎች የሚባሉት የስክሪን ብርሃንን፣ ድምፅን፣ ዋይፋይንና የመሳሰሉትን ለመቆጣጠር የሚያገለግሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከኤፍኤን ቁልፍ ጋር አብረው የሚጫኑ ቁልፎች ናቸው። እንዲሠሩ የሚያደርጋቸው የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ነው።

ተራ ፊደል ሲጫን ኪቦርዱ ለከርነሉ አንድ ቁጥር ይልካል። ከልዩ ቁልፎች አንዳንዶቹም እንዲሁ ያደርጋሉ። ሌሎቹ ግን በኪቦርዱ መስመር አያልፉም፤ በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ኢምቤድድ ኮንትሮለር የተባለ ቺፕ ይቀበላቸውና ኤሲፒአይ በተባለው ሥርዓት በኩል ለከርነሉ ያሳውቃል። አንዳንዴም ቺፑ ሥራውን ራሱ ይጨርሳል፤ ከርነሉ ምንም አይሰማም። ኤሲፒአይ በ1996 እ.ኤ.አ. በኢንቴል፣ በማይክሮሶፍትና በቶሺባ የወጣ የጋራ ደንብ ቢሆንም አምራቾች ለልዩ ቁልፎች የየራሳቸውን መልእክት ስለሚጠቀሙ፣ ሊኑክስ ለብዙዎቹ የተለየ ድራይቨር ያስፈልገዋል። ድራይቨሩ መልእክቱን ወደ ሊኑክስ የጋራ ቁጥር ይተረጉማል፦ ብርሃን መቀነሻ 224፣ መጨመሪያ 225፣ ድምፅ ማጥፊያ 113።

በኢትዮጵያ ለትምህርት ቤቶች የታደለው የ«ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» ኤክስኦ-1 ጥሩ ምሳሌ ነው። በሊኑክስ የሚሠራ ሲሆን የአማርኛ ፊደል የታተመበት ኪቦርድ ተዘጋጅቶለት ነበር። ኤፍ9 እና ኤፍ10 ብርሃንን፣ ኤፍ11 እና ኤፍ12 ድምፅን ይቆጣጠራሉ። ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ሲቀነስ የጀርባ መብራቱ ይጠፋል፤ ስክሪኑ ግን በፀሐይ ብርሃን በጥቁርና ነጭ ይነበባል። መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት ይህ ቁልፍ ባትሪ ያተርፋል ማለት ነው። ኤክስኦ-1 ኤሲፒአይን ስለማይጠቀም ክዳኑ መዘጋቱንና ስክሪኑ ዞሮ እንደ መጽሐፍ መታጠፉን ለከርነሉ የሚነግር ድራይቨር ለብቻው መጻፍ ነበረበት፤ ወደ ዋናው ከርነል የገባውም በ2011 እ.ኤ.አ. ነው።

በደብረ ታቦርም ሆነ በአዲስ አበባ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ሊኑክስ የጫነ ተማሪን ይበልጥ የሚያስጨንቀው የዋይፋይ ቁልፍ ነው። ከርነሉ የሬዲዮ መሣሪያዎችን መከፈትና መዘጋት አርኤፍኪል በተባለው ክፍል ይከታተላል። ወደ ጥገና ቤት ከመሄድ በፊት «አርኤፍኪል ሊስት» የሚለውን ትእዛዝ መሞከር ይበጃል። በሶፍትዌር የተዘጋ በትእዛዝ ይከፈታል፤ በሃርድዌር የተዘጋውን ግን የሚከፍተው ማብሪያ ማጥፊያው ብቻ ነው። ችግሩ ማብሪያ ማጥፊያ ጨርሶ የሌለው ላፕቶፕም «ተዘግቷል» ሊል መቻሉ ነው። በሌኖቮ አይዲያፓድ ላይ ይህ ስለታየ ማብሪያ ማጥፊያ የሌላቸው ሞዴሎች ዝርዝር በድራይቨሩ ውስጥ ተጻፈ። ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ አዲስ ሞዴል የገዛ ሰው ዋይፋይ ለማግኘት ድራይቨሩን ራሱን ማስወጣት ነበረበት፤ ድራይቨሩ ሲወጣ ደግሞ አንዳንዶቹ ልዩ ቁልፎች አብረው ይቀራሉ።