የሴራሚክ ጥምር ቁሶች በከፍተኛ ሙቀት ከኦክስጅን ጋር የሚያደርጉት ውህደት

በአውሮፕላን ሞተሮች ውስጥ የኒኬል ቅይጥ ብረቶችን በከፊል እየተኩ የሚገኙት የሴራሚክ ጥምር ቁሶች የአገልግሎት ዘመን በአመዛኙ የሚወሰነው በከፍተኛ ሙቀት ከኦክስጅንና ከውሃ እንፋሎት ጋር በሚያደርጉት ኬሚካላዊ ውህደት ነው።

ከእነዚህ ቁሶች መካከል በስፋት የሚታወቀው የሲሊኮን ካርባይድ ክሮችን በሲሊኮን ካርባይድ ውስጥ በመቅበር የሚሠራው ነው። ተራ ሴራሚክ በቀላሉ የሚሰበር ሲሆን፣ በጥምር ቁሱ ውስጥ ያሉት ክሮች ግን ስንጥቅ እንዳይስፋፋ ያግዳሉ። ክብደቱ ከኒኬል ቅይጥ አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። ቅይጡ ወደ መቅለጫው በሚቃረብበት 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማም ጥንካሬውን ጠብቆ ይቆያል። በዚህም ምክንያት ለማቀዝቀዣ የሚውለውን አየርና የነዳጅ ፍጆታን ለመቀነስ ያስችላል።

ብረት ሲዝግ ዝገቱ እየተፈረፈረ ስለሚረግፍ ብረቱ እየተበላ ይሄዳል። ሲሊኮን ካርባይድ በደረቅ አየር ውስጥ ሲግል ግን ሲሊካ የተባለ መስታወት መሰል ስስ ሽፋን በላዩ ላይ ይፈጠራል። ኦክስጅን ይህን ሽፋን አልፎ የሚገባው በዝግታ በመሆኑ፣ ሽፋኑ በወፈረ መጠን ውህደቱ እየዘገየ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ በሞተር ውስጥ ያለው አየር ደረቅ አይደለም። ነዳጅ ሲቃጠል የሚፈጠረው የውሃ እንፋሎት ሲሊካውን ወደ ጋዝነት ስለሚለውጠው በፈጣኑ የአየር ፍሰት ተጠርጎ ይወሰዳል። ቁሱ የጠፋውን ሽፋን ለመተካት ዳግም ሲዋሃድ ውፍረቱ እየሳሳ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካው የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ የተካሄዱ ጥናቶች ይህንኑ አሳይተዋል።

ሌላው ችግር የሚከሰተው ሙቀቱ ዝቅ ሲል ነው። ከ700 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲሊካ የሚፈጠረው በዝግታ ስለሆነ ስንጥቆችን ፈጥኖ አይደፍንም። በስንጥቁ የገባው ኦክስጅን ክሮቹ የተለበዱበትን ቦሮን ናይትራይድ ይበላል፤ ክሮቹም ከአካባቢያቸው ጋር ስለሚጣበቁ ቁሱ ተሰባሪ ይሆናል።

ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ቁሱን በመከላከያ ሽፋን መለበጥ ነው። በአብዛኛው በቅድሚያ የሲሊኮን ንብርብር፣ ከዚያም እንደ ኢተርቢየም ካሉ ማዕድናት የተዘጋጀ ሲሊኬት ይደረብበታል። ሽፋኑ በሙቀት የሚለጠጥበት መጠን ከሥሩ ካለው ቁስ ጋር ካልተቀራረበ ሞተሩ በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር ይሰነጠቃል፤ ይላቀቃልም።

ሲኤፍኤም ኢንተርናሽናል የሚያመርተውና እ.ኤ.አ. በ2016 የንግድ በረራ የጀመረው ሊፕ የተባለው ሞተር፣ የከፍተኛ ግፊት ተርባይኑን ምላጮች ዙሪያ በሚከበው የማይሽከረከር ክፍል ላይ ይህን ቁስ ይጠቀማል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖችም የሚበሩት በዚሁ የሞተር ቤተሰብ ነው።

በመሆኑም የእነዚህን ቁሶች ብቃት ለመመዘን የሚቋቋሙትን የሙቀት መጠን ማወቅ ብቻ በቂ አይሆንም። ሙቀቱን የሚቋቋሙት በደረቅ አየር ነው ወይስ በእንፋሎት ውስጥ፣ ለምን ያህል ሰዓትና ስንት ጊዜ ግለውና ቀዝቅዘው የሚለውም አብሮ መታየት ይኖርበታል።