በሰሌዳ ላይ የተዘረጋ ሜዳ፦ የመልክዓ ምድር ዒላማ በካዴቶች የተኩስ ትምህርት

በዲሴምበር 15 ቀን 1899 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ አፍሪካ፣ በቱጌላ ወንዝ ዳር፣ ኮሌንሶ በተባለው ስፍራ የእንግሊዝ ጦር ከቦዌሮች ጋር ገጥሞ ተሸነፈ። ቦዌሮቹ በምሽግ ተሰውረው ጭስ በሌለው ባሩድ ይተኩሱ ስለነበር እንግሊዛዊው ወታደር ጥይቱ ከየት እንደመጣበት ሳያውቅ ይወድቅ ነበር። በዚያ ቀን መድፎችን ለማዳን ሲሞክሩ ከቆሰሉት አንዱ የጦር አዛዡ የሎርድ ሮበርትስ ልጅ ነበር፤ ከሁለት ቀን በኋላም ሞተ። አባትየው ጡረታ ከወጡ በኋላ የአነስተኛ ጠመንጃ ተኩስ በሕዝብ ዘንድ እንዲስፋፋ ሳያሰልሱ ጥረዋል።

ጦርነቱ የገለጠው ጉድለት ግን የእጅ ብቻ አልነበረም። ነጭ ሰሌዳ ላይ የተቀባ ጥቁር ክብ ራሱን አይደብቅም፤ ጠላት ግን ይደበቃል። ስለዚህ ወታደሩ ከመምታቱ በፊት ማየትን፣ አዛዡም ያየውን ለሌላው በቃል ማሳየትን መማር ነበረባቸው። በ1908 የጦር ሚኒስትሩ ሃልዴን በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው የመኮንኖች ማሠልጠኛ ኮር ሲያቋቁም ይህን ትምህርት ለልጆች የማድረስ ጥያቄ ተነሣ። ትምህርት ቤቶቹ በመቶ የሚቆጠር ያርድ የሚረዝም የተኩስ ሜዳ ከየት ያመጣሉ? ያላቸው 0.22 ኢንች ጠመንጃና 25 ያርድ የሚሆን አዳራሽ ወይም ግቢ ነበር።

ለዚህ መልስ ከሆኑት አንዱ የመልክዓ ምድር ዒላማ ነው። ኮረብታ፣ አጥር፣ መንገድ፣ የእርሻ ቤትና ዛፍ የሚታዩበት ሰፊ ሥዕል ሲሆን፣ ታትሞ የመጣው በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ያልተገኘ እንደሆነ ሥዕል የሚችል ሰው በእጁ ይሠራዋል። ይሁን እንጂ መጠኑ በስሌት ካልተሠራ ጌጥ ብቻ ይሆናል። ከ500 ያርድ ርቆ የቆመ 1.75 ሜትር ቁመት ያለው ሰው በ25 ያርድ ላይ እኩል ሆኖ እንዲታይ 20 ጊዜ አንሶ 8.75 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት፤ በ1,000 ያርድ ላይ ያለው ደግሞ የዚያ ግማሽ ነው።

ከሁሉ የሚደነቀው ሥዕሉ ጥይት እንዳይነካው የተገኘው ዘዴ ነው። ከሥዕሉ በላይ ባዶ ወረቀት ይዘረጋል፤ ማነጣጠሪያውም ከተገቢው በላይ ከፍ ይደረጋል። ካዴቱ የሚያነጣጥረው ሥዕሉን፣ የሚመታው ግን ወረቀቱን ነው። ማነጣጠሪያው በግማሽ ዲግሪ ቢነሣ በ25 ያርድ ላይ ጥይቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አሠልጣኙም ከየቀዳዳው ይህንኑ ርቀት ወደ ታች ለክቶ በሥዕሉ ላይ የትኛው ነገር እንደተመታ ያውቃል። ሁለት ጠመንጃዎች አንድ ዓይነት ጠባይ ስለሌላቸው እያንዳንዱ አስቀድሞ በሙከራ ተኩስ መስተካከል አለበት፤ ይህን የዘለለ አሠልጣኝ የሚለካው የጠመንጃውን ጉድለት እንጂ የልጁን ትምህርት አይደለም። የሚቀደደው ርካሹ ወረቀት ስለሆነ ውዱ ሥዕል ለረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ልምምዱ ሲጀመር አሠልጣኙ ለአንዱ ካዴት ብቻ ዒላማውን በምስጢር ያሳየዋል። እርሱም ለጓዶቹ በቃል ያዛል፦ መጀመሪያ ርቀቱን፣ ቀጥሎ ሁሉም የሚያየውን ጉልህ ምልክት፣ ከዚያም ዒላማው ከምልክቱ በየት በኩል እንዳለ። «አምስት መቶ። ከፊት ክብ ጫፍ ያለው ዛፍ። ከዛፉ በሰዓት ገጽ አራት ቁጥር አቅጣጫ፣ የአጥሩ ጥግ።» የእንግሊዝ ጦር የሚያውቀው ሦስት ዓይነት ዛፍ ብቻ ነው ተብሎ የተቀለደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀልዱ ቢያስቅም በተኩስ መካከል የዛፍ ስም የሚያጠና ሰው የለም። ከተኩሱ በኋላ ቀዳዳዎቹ በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ቢገኙ ትእዛዙ ግልጽ ነበር። በሁለት ቦታ ተከፍለው እያንዳንዳቸው የተሰበሰቡ ከሆነ ግን ተኳሾቹ ጎበዞች ናቸው፤ የተሳሳተው ቃሉ ነው። ክብ የተቀባበት ሰሌዳ ይህን ከቶ ሊያሳይ አይችልም።

ሥዕሉ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ጠፍጣፋ ስለሆነ ርቀት መገመትን በሚገባ አያስተምርም። ከዚህም በላይ አንዱ ሥዕል ከተደጋገመ ልጆቹ ሸምድደውት ትእዛዙ ሳያልቅ ዒላማውን ያገኙታል፤ ስለዚህ ሥዕሉን መለዋወጥ ግድ ነበር።

በ1914 ጦርነት ሲነሣ ከኮሩ የወጡ ብዙ ወጣቶች ወዲያው መኮንኖች ሆነው ዘመቱ። በዓመቱ መጨረሻ ግን ግንባሩ በምሽግ ተቆልፎ፣ ዛፉም አጥሩም በመድፍ ተደምስሶ፣ በምልክትነት የሚጠቀስ ነገር ከብዙ ስፍራ ጠፋ። የሆነ ሆኖ ዘዴው አልተረሳም። የአሜሪካ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የመልክዓ ምድር ዒላማን በ1,000 ኢንች፣ ማለትም በ25.4 ሜትር ርቀት ይጠቀምበት ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ግን ትሬንፋየር በተባለው አዲስ ሥልጠና ከመሬት ብቅ የሚሉ የሰው ቅርጽ ዒላማዎችን በእውነተኛ ሜዳ ላይ ተከለ።