በዱከም አካባቢ የፈረስ ጨዋታና የሴቶች ድርሻ

ዱከም ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ፥ ከአቃቂ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፥ አካባቢዋ ከጥንት ጀምሮ በፈረሰኛነቱ የታወቀው የቱለማ ኦሮሞ አገር ነው። በዚህ አገርም ሆነ በጠቅላላው በሸዋ ስለ ፈረስ ጨዋታ ሲወሳ የሚነሣው የወንዶች ስም ነው። ሴቶችስ ምን ድርሻ ነበራቸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ መልሱን ከሜዳው ላይ ብቻ የፈለገ እንደሆነ ይሳሳታል።

በጉግስ ጨዋታ ፈረሰኞቹ በሁለት ወገን ይከፈሉና አንዱ ሲሸሽ ሌላው ዘንግ ይዞ ያባርረዋል፤ የሚሸሸውም የተወረወረበትን ዘንግ በጋሻው ይመክታል። ጨዋታው የጦር ትምህርት ስለ ነበረ ሜዳው የወንድ ሆኖ ቀረ። ሴቶቹ ከዳር ቆመው በእልልታ ጎበዙን ያወድሳሉ። ይህን እልልታ እንደ ቀላል ነገር የሚቈጥር ሰው ጉግስ ያላየ ነው፤ ጋላቢው የሚሽቀዳደመው ለስሙም ጭምር ነውና።

ስለ ስም ካነሣን፥ የፈረስ ስም ራሱ ብዙ ይገልጻል። ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ከቱለማ የተወለዱት ራስ ጎበና ዳጬ ደግሞ አባ ጥጉ ይባሉ ነበር። «አባ» በአማርኛም በኦሮምኛም አባትነትን የሚያመለክት ስለሆነ፥ ማዕርጉ ከአነጋገሩ ጀምሮ ለወንድ የተሰፋ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የተሰጣቸው ስም «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» የሚል ነበር።

የወይዛዝርት መቀመጫ በቅሎ ነበረች፤ ሙሽራም የምትሄደው በበቅሎ ነው። ነገር ግን ይህን የድካም ምልክት ማድረግ አይገባም። መኰንኑም ቢሆን በመንገድ የሚቀመጠው በበቅሎ ሲሆን፥ ፈረሱን አሽከር ይስብለትና ለውጊያ ወይም ለጨዋታ ጊዜ ብቻ ይወጣበት ነበር። ለውድድር የሚጠበቀው ፈረስም ገብሱን የሚያገኘው ከቤት ነው፤ የጎተራው አዛዥ ደግሞ የቤቱ እመቤት ናት።

ጨዋታው የከለከላቸውን ጦርነቱ አልከለከላቸውም። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተው በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ የነበረው የኢጣልያ ጦር ውሃው እንዲያዝበት መክረዋል። የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ ወይዘሮ ከበደች ሥዩምም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፍቼ ከተገደሉ በኋላ በሸዋ አርበኞችን መርተው ተዋግተዋል። የጦር ትምህርት ቤት የተባለው ሜዳ ሳያስተምራቸው ጦር መሩ ማለት ነው።

ሜዳውን ለወንድ ብቻ ማድረግ የአገራችን ልማድ ብቻ ነው ብሎ የሚገምት ቢኖር፥ በኦሎምፒያ የፈረስ ውድድር ሴቶች ከወንዶች ጋር እንዲወዳደሩ የተፈቀደው በ1952 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ መሆኑን ያስታውስ። በዚያን ጊዜ ከጉልበቷ በታች በፖሊዮ ሽባ የሆነችው የዴንማርክ ተወላጅ ሊዝ ሃርቴል የብር ሜዳልያ አገኘች። በአሜሪካም ዳያን ክራምፕ የውርርድ እሽቅድምድም ውስጥ ገብታ የጋለበች የመጀመሪያይቱ ሴት የሆነችው በ1969 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ከሚያጉረመርመው ሕዝብ መካከል ጠባቂዎች አጅበው አሳልፈዋታል።

ከዱከም ብዙም በማይርቀው በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ፥ በኢሬቻ በዓል ፈረሶቻቸውን ያስጌጡ ፈረሰኞች ይመጣሉ፤ ሲንቄ የያዙት እናቶች ግን እርጥብ ሣር ጨብጠው በእግራቸው ከፊት ይሄዳሉ።