ውቅር፦ «ኤ» የትኛው ዲስክ ነው?

ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ፍላሽ ሰክቶ፣ ተርሚናሉን ከፍቶ «ኤምዲር ኤ፦» ብሎ የጻፈ ሰው የፋይሎቹን ዝርዝር ሲጠብቅ «ኤን ማስጀመር አልተቻለም» የሚል ደረቅ መልስ ሊመጣለት ይችላል። ፍላሹ አልተበላሸም፤ ፕሮግራሙም ደህና ነው። የጎደለው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ «ኤ» የሚለው ፊደል የትኛውን ዕቃ እንደሚወክል የሚናገር መስመር።

ይህን መስመር የመጻፉ ሥራ ኮንፊገሬሽን ይባላል። የአማርኛ አቻው «ውቅር» ነው፤ ግሡም «ማዋቀር»።

ቃሉ ለኮምፒውተር ሲባል የተፈጠረ አይደለም። ወቀረ ማለት ድንጋይን ጠርቦ ቅርጽ ማስያዝ ነው፤ የላሊበላዎቹ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው፤ የደነዘ የወፍጮ ድንጋይም ይወቀራል። በአማርኛ ስልኮች ላይ ካለው «ቅንብሮች» ጋር ግን መምታታት የለበትም። ቅንብር የድምፁን መጠን ወይም የስክሪኑን ብርሃን እንደማስተካከል ያለ ነጠላ ምርጫ ነው። ውቅር ከዚያ ይቀድማል፤ የትኛው ዕቃ በየትኛው ስም እንደሚጠራና ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው ይወስናል።

ነገሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ኤምቱልስ የተባለው የፕሮግራሞች ስብስብ ነው። ኤሜት ግሬይ ጀምሮት በኋላ አላን ክናፍ የተረከበው ይህ ሥራ፣ ዶስ በተባለው የቀድሞ ሥርዓተ ክወና ፎርማት የተደረጉ ዲስኮችን ከዩኒክስና ከሊኑክስ ሆኖ፣ ማውንት ማድረግ (ከሥርዓቱ ማውጫ ጋር ማያያዝ) ሳያስፈልግ ለማንበብና ለመጻፍ ያገለግላል። ኤምዲር ይዘረዝራል፣ ኤምኮፒ ይገለብጣል፣ ኤምፎርማት ፎርማት ያደርጋል።

ችግሩ ዶስ ዲስኮችን በፊደል የሚጠራ መሆኑ ነው። ልማዱን የወረሰው ከእርሱ በፊት ከነበረው ሲፒኤም ከተባለ ሥርዓተ ክወና ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፍሎፒዎቹን «ኤ» እና «ቢ» አላቸው፤ በ1983 ሃርድ ዲስክ ይዞ የመጣው ኤክስቲ ደግሞ «ሲ»ን አስለመደ። ዩኒክስ እንዲህ ያለ ፊደል አያውቅም፤ ለእርሱ ዕቃው ሁሉ «ዴቭ» በሚባለው ማውጫ ሥር የተቀመጠ ፋይል ነው። ሁለቱን ዓለም የሚያገናኘው የውቅር ፋይሉ ነው።

ፋይሉ አንድ ብቻ አይደለም። ለኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚሠራው «ኤምቱልስ ነጥብ ኮንፍ» አብዛኛውን ጊዜ «ኢቲሲ» በተባለው ማውጫ ውስጥ ይገኛል፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚም በራሱ ማውጫ ውስጥ «ነጥብ ኤምቱልስአርሲ» የሚባል የግል ፋይል ሊኖረው ይችላል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የጋራውን፣ ቀጥሎ የግሉን ያነባል፤ ሁለቱም ስለ «ኤ» የሚናገሩ ከሆነ በኋላ የተነበበው ያሸንፋል። በጋራው ላይ ብቻ ያሉት ፊደሎች ባሉበት ይቆያሉ።

መስመሩ ራሱ አጭር ነው፦ የድራይቩ ፊደል፣ የዕቃው ፋይል፣ ከተፈለገም ልኬቱ። የታወቀው የ3.5 ኢንች ፍሎፒ በሁለት ገጹ ላይ 80፣ 80 ትራክ፣ በየትራኩ 18 ሴክተር፣ በየሴክተሩ 512 ባይት አለው፤ ሲባዛ 1,474,560 ባይት ይመጣል። («1.44 ሜጋባይት» የሚለው ስያሜ አንዴ በ1000፣ አንዴ በ1024 እያባዛ የተሰላ ዲቃላ ቁጥር ነው።) ልኬቱ በውቅሩ ውስጥ ከሰፈረ ኤምቱልስ እንደ ማጣሪያ ይጠቀምበታል፤ በዚያው ድራይቭ ባለ 720 ኪሎባይት ዲስክ ቢገባ አልቀበልም ይላል። ልኬቱ ለፎርማት ብቻ እንዲያገለግል የሚያደርግ ቃል በመስመሩ ላይ ሲጨመር ግን ዲስኩ ራሱ በመጀመሪያው ሴክተሩ ላይ የያዘው መረጃ ይታመናል። ልኬት ከማብዛት ይልቅ ይህ ይመረጣል።

ወደ ፍላሽ ሲመጣ ሌላ ጣጣ አለ። ፍላሽ ትራክም ሆነ የሚሽከረከር ሳህን የለውም፤ የፎርማቱ መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ በየትራኩ 63 ሴክተር እንዳለው አድርጎ ይጽፍለታል። ጠቅላላው የሴክተር ብዛት ለ63 እኩል ካልተካፈለ ኤምቱልስ ተጠራጥሮ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ደግነቱ የስሕተት መልእክቱ መፍትሔውንም ይናገራል፤ ይህን ፍተሻ የሚያስቀር አንድ መስመር በግል ፋይሉ ውስጥ እንዲጨመር ያመለክታል። ፍላሹ በፓርቲሽን የተከፈለ ከሆነ ደግሞ ስንተኛው ፓርቲሽን እንደሚነበብም መነገር አለበት።

ፍሎፒ ከገበያ ከጠፋ በኋላ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ዛሬ ኤምቱልስ በብዛት የሚነካው ዲስክ ሳይሆን የዲስክ ምስል ነው፤ የአንድን ዲስክ ይዘት በሙሉ የያዘ ተራ ፋይል። ዩኢኤፍአይ በተባለው የማስነሻ ሥርዓት የሚነሡ ኮምፒውተሮች የማስነሻ ፕሮግራማቸውን የሚፈልጉት ፋት በተባለው የዶስ ፎርማት ከተዘጋጀ ፓርቲሽን ነው። ግሩብ የተባለው የማስነሻ ፕሮግራም የማስነሻ ሲዲ ምስል ሲያዘጋጅም ያንን የፋት ክፍል የሚሠራው በኤምቱልስ ነው፤ የአስተዳዳሪ ፈቃድ አይጠይቅም። ምስሉ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ውቅር መጻፉ ትርፍ ድካም ነው፤ የምስሉን ስም በትእዛዙ ላይ ሰጥቶ በፊደል ፋንታ ሁለት ነጥብ ደጋግሞ መጻፍ ይበቃል። በየቀኑ የሚከፈት ምስል ግን የራሱ ፊደል ቢሰጠው ይሻላል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ መስመር አለ፦ የኮድ ገጽ፣ ማለትም ለፊደላት ቁጥር የሚሰጥ ሰንጠረዥ። የፋት ፎርማት ለአንድ ፋይል ሁለት ስም ሊይዝ ይችላል። አጭሩ ስምንት ሲደመር ሦስት ቁምፊ ነው፤ የሚጻፈውም እንደ 850 ባለ አሮጌ የኮድ ገጽ ስለሆነ የግዕዝ ፊደል ቦታ የለውም። ረጅሙ በዩኒኮድ ይቀመጣል፤ የግዕዝ ፊደላትም እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ስለገቡ «ደብዳቤ» የሚል ስም ሳይጎድል ይጻፋል። ኤምዲር ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያሳይ በግራ የተተካ ምልክት፣ በቀኝ ሙሉውን ስም ማየት የተለመደ ነው። የኮድ ገጹን መቀየር የግራውን እንጂ የቀኙን አይነካም፤ የቀኙ ካልታየ መመርመር ያለበት ተርሚናሉ በዩቲኤፍ 8 መሥራቱ ነው።