ጉድለትና ብልሽት፦ አሮጌ ሳምፕለሮችና ሲንተሳይዘሮች በሙዚቃ ሥራ

ኤስፒ-1200 የሚባለው ሳምፕለር በጠቅላላው የሚይዘው ድምፅ አሥር ሰከንድ ያህል ነው። ያውም አሥሩ ሰከንድ አንድ ላይ አይገኝም፤ ለአራት ተከፍሎ የተቀመጠ በመሆኑ አንድ ናሙና፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚቀዳ ቁራጭ ድምፅ፣ ከሁለት ሰከንድ ተኩል በላይ ሊረዝም አይችልም። ኢ-ሙ ሲስተምስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ መሣሪያውን በ1987 ለገበያ ሲያቀርብ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገደቡን የጣለው ለውበት ሲል አልነበረም። ሜሞሪ ውድ ስለነበረ ነው። ዛሬ ተራ የእጅ ስልክ የስንት ቀን ሙዚቃ እንደሚሸከም እያወቅን ያንኑ የአሥር ሰከንድ ማሽን በብዙ ሺህ ዶላር አሳደው የሚገዙ ሙዚቀኞች አሉ።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ናፍቆት ነው። መልሱ አያጠግበኝም፤ ማሽኑ ሲወጣ ገና ያልተወለዱ ወጣቶችም ይፈልጉታልና ያላዩትን ዘመን ናፈቁ ማለት ይከብዳል። እኔ የማቀርበው ሐሳብ በሁለት የአማርኛ ቃላት ልዩነት ላይ የቆመ ነው፦ ጉድለትና ብልሽት። ጉድለት መሣሪያው ሲፈጠር ጀምሮ አብሮት ያለ፣ ዛሬም ነገም ሳይለወጥ የሚገኝ ማነስ ነው። ብልሽት ግን ድንገት ይመጣል፤ ትናንት ያልነበረ ነው፣ ነገም መልኩን ሊቀይር ይችላል። ሙዚቀኛ ጉድለትን ሊማረው፣ ሊለምደው፣ በመጨረሻም እንደ ቋንቋ ሊናገርበት ይችላል። በብልሽት ግን ማንም ሊናገርበት አይችልም።

ኤስፒ-1200ን ቀረብ ብለን እንየው። ሳምፕለር ራሱ ድምፅ አይፈጥርም፤ ከውጭ የገባለትን ድምፅ በቁጥር መዝግቦ መልሶ ያሰማል። ይህኛው በሰከንድ 26,040 ጊዜ እየለካ፣ እያንዳንዱን ልኬት በ12 ቢት፣ ማለትም በ4,096 ደረጃዎች ብቻ ያስቀምጣል። ሲዲ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ 65,536 ደረጃዎች አሉት። የልኬቱ ፍጥነት ግማሽ የድምፁ ጣሪያ ስለሆነ ከ13 ሺህ ኸርትዝ በላይ ያለው ቅጥነት ገና ከበሩ ይቀራል።

የኒው ዮርክ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪዎች በዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ ቦታ ለማትረፍ አንድ ዘዴ ነበራቸው። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር ያለበትን ሸክላ በ45 ያጫውቱታል። ዘፈኑ ይፈጥናል፣ ይቀጥናል፣ የዘፋኙ ድምፅ የሕፃን ይሆናል፤ በዚያው ግን ሦስት ሰከንድ ከአራት አሥረኛ የሚወስደው ሐረግ በሁለት ሰከንድ ተኩል ውስጥ ይገባል። ከዚያ ማሽኑ ላይ ቅጥነቱን ወደ ነበረበት ያወርዱታል። ወጪው እዚህ ላይ ነው። ኤስፒ-1200 ድምፅ ሲያወርድ በልኬቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት አስልቶ አይሞላም፤ ያለውን ቁጥር ደግሞ ያነባል። በዚህም የተነሳ ሸክላው ላይ ያልነበረ፣ ብረት ብረት የሚል ጭረት ከድምፁ ጋር ተለጥፎ ይወጣል። በሌላ በኩል ሸክላው ሲፈጥን ድምፁ ሁሉ ወደ ላይ ስለተገፋ መጀመሪያ ከ9,600 ኸርትዝ በላይ የነበረው በሙሉ ጣሪያውን አልፎ ጠፍቷል። ውጤቱ ከላይ የታፈነ፣ ከመሐል የሚሻክር፣ ከታች የሚያጓራ ድምፅ ነው። የ1990ዎቹን መጀመሪያ የኒው ዮርክ ራፕ የሰማ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። ፒት ሮክ በዚህ ማሽን ስሙን ተክሏል፤ የፐብሊክ ኤነሚ አቀናባሪዎችም ተጠቅመውበታል።

የጊዜው እጥረት ድምፁን ብቻ ሳይሆን የአቀነባበሩን አስተሳሰብም ለውጧል። ሙሉ ዜማ መውሰድ ካልተቻለ አንዲት የከበሮ ምት፣ አንዲት የትራምፔት ትንፋሽ፣ የቤዝ ጊታር ሁለት ኖታ እየተቆረጠ በስምንቱ መምቻዎች ላይ ይደለደላል፤ ከዚያ በጣት እየተመታ አዲስ ዜማ ይቀጠላል። ሌሎች ያደነቁት «የመቆራረጥ ጥበብ» ከቦታ ጥበት የተወለደ ነው። በእርግጥ በ1991 አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ያለ ፈቃድ ናሙና መውሰድን ከሌብነት ቆጥሮ ከፈረደ ወዲህ ናሙናን አሳጥሮና አደብዝዞ መጠቀም ሌላም ምክንያት አግኝቷል።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የተለየ ጠባይ አለው። ያማሃ ዲኤክስ7 በ1983 የወጣ ሲንተሳይዘር ነው፤ ድምፅን ከውጭ አይወስድም፣ ራሱ ይፈጥራል። መሠረቱን የጣለው የስታንፎርዱ ጆን ቻውኒንግ በ1967 በቫይብራቶ ላይ ሙከራ ያደርግ ነበር። አውታር ላይ ያረፈች ጣት ስትንቀጠቀጥ ድምፁ ይርገበገባል፤ ቻውኒንግ ይህን መርገብገብ በኮምፒውተር እያፈጠነ ሲሄድ ጆሮ መርገብገቡን መስማት አቆመና ፈጽሞ አዲስ የድምፅ ቀለም ሰማ። ያማሃ የፈጠራውን ፈቃድ ገዝቶ ስድስት ሞገዶችን በ32 ዓይነት አሰላለፍ የሚያገናኝ ኪቦርድ ሠራ። የደወል፣ የብርጭቆ፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፁ የአሥርተ ዓመቱ መለያ ሆነ። አዲስ ድምፅ ማበጀቱ ግን ጭንቅ ነው፤ ብዙ ቁጥር በአንዲት ጠባብ መስኮት እያዩ አንድ በአንድ መለወጥ ይጠይቃል። አብዛኛው ተጫዋች ከፋብሪካ የመጣውን ድምፅ እንዳለ የተጠቀመውም ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ ወዳጄ ቤት የዚህን ኪቦርድ ሆድ ከፍተን አይተናል። ድምፆቹን የሚያስታውስለት አንዲት ክብ ባትሪ ናት፤ እሷም እንደ ሰዓት ባትሪ ተነቅላ የምትተካ ሳትሆን ቦርዱ ላይ በብየዳ የተያዘች ነች። ስትሞት 32ቱ ድምፆች ይጠፋሉ ወይም ትርጉም የሌለው ጩኸት ይሆናሉ። ወዳጄ ብየዳውን በጋለ ብረት አቅልጦ አነሳ፣ የባትሪ መያዣ በየደ፣ ድምፆቹንም ከኮምፒውተር በሚዲ ገመድ መለሰ። ባትሪው ሲያልቅ የሚመጣው ያ ጩኸት የሚገርም ነበር፤ ሙዚቃ ግን አልሠራበትም፣ መልሶ የሚያገኝበት መንገድ የለውምና። ኪቦርዱ በ12 ቢት መቀየሪያው የተነሳ የሚያሰማውን ቀጭን ሹክሹክታ ግን ሆን ብሎ ይፈልገዋል። 16 ቢት ያለው ተከታዩ ሞዴል «በጣም ንጹሕ ነው» እያለ ሲያጣጥል ሰምቼዋለሁ።

ሚኒሙግን የመሰሉት የ1970ዎቹ አናሎግ ሲንተሳይዘሮች በሁለቱ ቃላት ድንበር ላይ ይቆማሉ። ሙቀት ሲለወጥ ቅኝታቸው ይንሸራተታል። ይህ ከጉድለት ይቆጠራል ወይስ ከብልሽት? ተጫዋቹ አስቀድሞ ያሞቀዋል፣ ሦስቱን የድምፅ ምንጮች በጆሮው ያስተካክላል፣ በመሐሉም መለስ እያለ ያያል። ክራር ደርዳሪ በየመሐሉ አውታሩን ሲያጠብቅ «መሣሪያው ተበላሸ» የሚል አድማጭ የለም።

ኮምፒውተር ይህን ሁሉ አስመስሎ ሊሠራ ይችላል፤ በ12 ቢት መሻከርን የሚያስመስል ፕሮግራም በርካሽ ይገኛል። ልዩነቱ ከድምፁ ይልቅ በውሳኔው ላይ ይመስለኛል። ፕሮግራሙ ላይ የሚያሻክረውን ቁልፍ ማጥፋት ይቻላል፤ አሮጌው ማሽን ላይ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም።

የጉድለትና የብልሽት ልዩነት ወደ አገራችን የሙዚቃ ታሪክ ሲመጣ ክብደት አለው። ከ1997 ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት የወጡት የኤትዮፒክ አልበሞች በአመዛኙ የነፋስ መሣሪያ በሞላባቸው ባንዶች ዘመን ላይ ያተኩራሉ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው የኪቦርድና የድራም ማሽን ዘመንም በብዙ ሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ውድቀት ሲታይ ኖሯል። የደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ አዳክሞታል፤ ትላልቆቹ ባንዶች ተመናምነዋል፤ ሸክላም በካሴት ተተክቷል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ እነዚህ ግን በሙዚቃው ዙሪያ የደረሱ ብልሽቶች ናቸው። በኪቦርዱ ላይ የተሠራውን ሙዚቃ በነሱ መመዘን አግባብ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ዲኤክስ7 አሥራ ሁለቱን እኩል ርቀቶች እንጂ የአንቺሆዬን ቅኝት የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ይህ ጉድለቱ ነው። ተጫዋቹም የማሲንቆን መንሸራተት በግራ እጁ የድምፅ ማጠፊያዋን እየገፋ ይፈልገዋል።

የኪቦርድና የአኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 ብቻውን «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀርጽ ያሰባሰባቸው አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ፣ ዲኤክስ7 እና ድራም ማሽን ነበሩ። ድራም ማሽኑ እንደ ሰው ከበሮ መቺ አይከተለውም፣ አይጠብቀውም፤ ምቱ ግትር ነው። ኃይሉ ግን በዚያ ግትር ምት ላይ አኮርዲዮኑን ሲያዘገየው፣ ከምቱ ኋላ ሲያስተኛው ይሰማል፤ ሰው ከበሮ መቺ ቢሆን ኖሮ አብሮት ያዘግም ነበርና ያ ርቀት አይፈጠርም። ካሴቱን የአፍሪካ ካሴቶች ሰብሳቢው ብራያን ሺምኮቪትዝ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶት በ2013 እንደገና ታተመ። በመሐል በነበሩት ዓመታት ኃይሉ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ተራ ሲጠብቅም በባትሪ የምትሠራ ኪቦርድ ከመኪናው ኋላ እያወጣ ይለማመድ ነበር።