ከባሕር የወጣው ሐሳብ

በአቴንስ ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ውስጥ ስንዝር የማይሞላ አረንጓዴ ነሐስ አለ። ጨው የበላው ድንጋይ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ከዝገቱ መካከል አራት ክንድ ያለው መዘውር ብቅ ይላል፤ በዙሪያው በሞረድ የተሳሉ፣ ሦስት ማዕዘን የሆኑ ደቃቅ ጥርሶች ተደርድረዋል። በሣጥን ውስጥ ሆኖ የሰማይን ዑደት ይቆጥር የነበረ ማሽን ስብርባሪ ነው፤ ዕድሜው ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ነው።

በ1900 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የባሕር ሰፍነግ የሚለቅሙ ግሪካውያን ጠላቂዎች በአንቲኪቴራ ደሴት አጠገብ የሰጠመ ጥንታዊ መርከብ አገኙ። ጭነቱን ለማውጣት በተደረገው ሥራ አንዱ ሲሞት ሁለቱ ሽባ ሆኑ። አገሬው ከጥልቁ በወጡት ሐውልቶች ሲደነቅ ይህን ቁራጭ ልብ ያለው አልነበረም። በ1902 ቫሌሪዮስ ስታይስ የተባለው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ የመዘውሩን ጥርስ አየ።

እኔን የሚደንቀኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ነው። ተመራማሪው ዴሪክ ደ ሶላ ፕራይስ በ1958 አቴንስ ሄዶ የማሽኑን ቁራጮች መረመረ፤ በ1971 ደግሞ ከካራላምቦስ ካራካሎስ ጋር ራጅ አስነሣቸው። ራጁ በሣጥኑ ውስጥ የተነባበሩትን መዘውሮች ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ስለሚጥላቸው የትኛው ጥርስ የየትኛው መዘውር እንደሆነ መለየት ዓይን የሚያጠፋ ሥራ ነበር። ፕራይስ ለግምቱ እንዲስማሙለት አንዳንዶቹን የጥርስ ቁጥሮች አሻሻለ፤ በ1974 ያሳተመው ጥናት ይህን ስሕተት ተሸክሞ ወጣ። አልወቅሰውም። እሱ ባይጀምር ማንም አይቀጥልም ነበር። ነሐሱ በቦታው ስለተቀመጠም ቀጣዩ ሰው መጥቶ እንደገና ሊቆጥር ቻለ።

ቀጣዩ ማይክል ራይት ነው። በለንደኑ የሳይንስ ሙዚየም የመካኒክ ቅርሶች ባለሙያ ስለነበር አሮጌ ማሽን በእጁ ፈትቶ መግጠም የለመደ ሰው ነው። ከአውስትራሊያዊው አለን ብሮምሊ ጋር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቁራጮቹን ንብርብር በንብርብር በራጅ አነሡ። በ2005 ደግሞ ሌላ ቡድን 8 ቶን ያህል የሚመዝን የራጅ ማሽን ወደ አቴንስ አስመጣ፤ ቅርሱ ከሙዚየሙ መውጣት አይችልማ! በዚያው ዓመት ከሙዚየሙ ግምጃ ቤት ተጨማሪ ቁራጭ ተገኘ። መቶ ዓመት ሙሉ ምንነቱ ሳይታወቅ ያንን ስብርባሪ ሳይጥሉ ያቆዩትን ሠራተኞች ሳስብ፣ ስማቸው ከተመራማሪዎቹ እኩል ሊነሣ ይገባ ነበር እላለሁ።

አሁን 82 ቁራጮችና 30 መዘውሮች ይታወቃሉ። ከሁሉም የሚያስገርሙኝ ባለ 50 ጥርስ ሁለት መዘውሮች ናቸው። አንደኛው ላይ ትንሽ ችንካር ቆሟል፤ ችንካሩ ሌላኛው ላይ በተፈለፈለ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። የሁለቱ እምብርት በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ይዛነፋል። ስለዚህ አንዱ እኩል ሲዞር ሌላው አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ይላል። ችንካሩን ራይት አይቶት ነበር፤ ምሥጢሩ የተፈታው ግን የ2005ቱ ቡድን በ2006 ባወጣው ጥናት ነው። ጨረቃ በሰማይ ላይ የምትሄደው እንዲሁ ነው፤ ፍጥነቷ ከቀን ቀን ይለያያል። አንጥረኛው ይህን በ1 ሚሊ ሜትር መዛነፍ ገልጾታል።

በማሽኑ ጀርባ ሁለት ጠመዝማዛ ሰሌዳዎች ነበሩ። የታችኛው 223 ወራት ቆጥሮ ግርዶሽ ይተነብያል። የላይኛው 235 የጨረቃ ወራት ይቆጥራል፤ ይህም 19 ዓመት ነው። ከፊት ባለው ቀለበት ላይ ደግሞ የግብፅ ወራት ስም በግሪክ ፊደል ተቀርጿል። የግብፅ ዓመት 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና 5 ተጨማሪ ቀናት ነው። ጳጉሜን የምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ አይሆንብንም፤ ቃሉ ራሱ ከግሪክ የመጣ ነው።

በእስክንድርያ በኩል የደረሰን የዘመን መቁጠሪያ ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብም፣ ፀሐይንና ጨረቃን የሚያስታርቀው በዚሁ በ19 ዓመት ዑደት ነው። ከማሽኑ ወደ እኛ የተሳበ መስመር አለ ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱም ከአንድ ጥንታዊ የሰማይ ቆጠራ ቀድተዋል። በማሽኑ ቁራጮች ላይ ከተነበቡት ጽሑፎች መካከል 19 ዓመትና 76 ዓመት የሚሉ ይገኙበታል። የእኛ የአብነት ተማሪ ሁለቱንም በስማቸው ይጠራቸዋል፦ ንዑስ ቀመር፣ ማዕከላዊ ቀመር።