ቤታችን መቼ ነው የበረደው?

«የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መፈክር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም፡፡ የቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ ያወጡት ነው፡፡ መፈክሩ የማይነግራችሁ ነገር ቢኖር የሱሉልታን ታኅሣሥ ነው! ሜዳው ውርጭ ለብሶ ሲያድር፣ የቧንቧ ውኃ እጅ ሲቆራርጥ፣ ከጋቢ በላይ ብርድ ልብስ ተደርቦ እንኳ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ… ጸጋው የሚመጣው ረፋድ ላይ ነው፡፡

«እኛ አገር የቤት ማሞቂያ የሚባል ነገር የለም፤ ማቀዝቀዣም አያስፈልገንም» ይባላል፡፡ እኔ አልስማማም፡፡ ነበረን፡፡ ሶኬት ላይ የሚሰካ ስላልሆነ ማሞቂያ አላልነውም እንጂ ከነጥገናው፣ ከነባለሙያው ነበረን፡፡ ቤቱን ስንቀይር አብረን አፈረስነውና በምትኩ የከሰል ማንደጃ አስገባን፡፡ ማንደጃው ደግሞ ሰው ይገድላል፡፡

ለነገሩ አዲስ አበባ ራሷ የብርድ ልጅ ናት ብል ብዙ አላጋነንኩም፡፡ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የከተሙት እንጦጦ ላይ ነበር፡፡ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ነፋስ፣ ጭጋግ፡፡ ለጠላት መከላከያ ይመቻል፤ ለእንቅልፍ ግን እንጃ! ወይዘሮ ጣይቱ (ያኔ ገና እቴጌ አልተባሉም) ከተራራው ሥር፣ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት ቦታ፣ ፍልውኃው አጠገብ ቤት አሠሩ፡፡ በኅዳር 1879 ዓ.ም. ከተማዋ ተቆረቆረች፡፡ እሳት ሳይነድ፣ መሬት ራሷ አሙቃ የምትሰጠው ውኃ፡፡ ከዚህ የተሻለ ማሞቂያ ከየት ይመጣል?

ግን ፍልውኃ ገላ ያጥባል እንጂ ወጥ አይሠራም፡፡ ማገዶው ቶሎ አለቀ፡፡ ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ግንባታ ጀምረው ነበር፡፡ ዛሬ ከአስኮ ወጥታችሁ ቡራዩን አቋርጣችሁ የምትሄዱበት የአምቦ መንገድ ወደዚያው የሚወስደው ነው፡፡ እንግዲህ ዕቅዱ ቢሳካ ኖሮ ቡራዩ ዛሬ የማን ዳርቻ ትሆን ነበር? አዲስ አበባን ያዳናት በ1880ዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፡፡ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፡፡ ቤተ መንግሥት ይሆናል የተባለው የአዲስ ዓለም ግንባታ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፡፡ ከዚያ ወዲህ ከተማዋን ሲያሞቃት የኖረው ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ወገብ ነው፡፡ ከሱሉልታ ሜዳ ደግሞ ኩበቱ ይመጣል፡፡

ወደ ቤቱ ልመለስ፡፡ ጎጆ ቤትን እንደ ድህነት ምልክት ብቻ እያየነው ስላደግን አሠራሩን ልብ አላልነውም፡፡ ክብ ነው፤ ስለዚህ ለነፋስ የሚሰጠው ግንባር ትንሽ ነው፡፡ ግድግዳው በጭድ የቦካ ጭቃ ነው፡፡ ወፍራም ጭቃ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይተፋዋል፤ ጠዋት ደግሞ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ስለሚቆይ እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፡፡ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም አንድ ላይ! የሣር ክዳኑ በውስጡ አየር ስለሚይዝ እንደ ብርድ ልብስ ያገለግላል፡፡ ምድጃው መሀል ነው፣ ጭሱ በሣሩ መሀል እየተጣራ ይወጣል፤ ሲወጣም ጣሪያውን በጥላሸት ይቀባና ነቀዝና ምስጥ ያባርራል፡፡ በብዙ ቤት ከብቶቹም እዚያው ጋጣቸው ውስጥ ያድራሉ፡፡ አንዲት ላም ሌሊቱን ሙሉ የምትሰጠውን ሙቀት የሚያህል ሂተር ብትገዙ የመብራት ቆጣሪያችሁን ታውቁታላችሁ፡፡

ጭሱ ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም፡፡ የስንት እናት ዓይንና ሳንባ የጨረሰ ነው፡፡ ግን መውጫ ነበረው፡፡ ጥገናም ነበረው፡፡ በጋ ላይ የተሰነጠቀው ግድግዳ ይመረጋል፣ ክረምት ሳይገባ የሳሳው ሣር ይቀየራል፡፡ ማን እንደሚያቦካ፣ ማን እንደሚከድን ይታወቃል፤ ደቦ ይጠራል፡፡

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ፡፡ በተለይ የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የቤት ክብር በቆርቆሮ ይለካ ጀመር፡፡ እውነት ነው፣ ቆርቆሮ እንደ ሣር በእሳት አይጋይም፣ በየጥቂት ዓመቱም አይቀየርም፡፡ ሙቀትን ግን አያውቅበትም፡፡ ቀን ምጣድ ነው፣ ማታ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቀዋል፣ ሊነጋ ሲል ትንፋሻችን ከሥሩ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል፡፡ መፍትሔው ኮርኒስ ነበር፡፡ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ተወጥሮ፣ ኖራ ተቀብቶ፡፡ አይጥ ሲሮጥበት ብንስቅም በቆርቆሮውና በጨርቁ መሀል የታሰረው አየር የድሮውን ሣር ሥራ ይሠራ ነበር፡፡

ከ1990ዎቹ ወዲህ የአዲስ አበባ ኪራይ ያባረረው ሰው ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከተመ፡፡ (ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል፡፡) ለተከራይ የሚሠራው ቤት አንድ ክፍል፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ አንድ መስኮት፣ ከላይ ባዶ ቆርቆሮ ነው፡፡ ብሎኬት ሆዱ ክፍት ነው፤ በስስ ልስን ተሸፍኖ እንደ ወፍራም ጭቃ ሙቀት ይዞ አያድርም፡፡ ኮርኒሱን አከራዩ ለቆጣቢነት ይተወዋል፡፡ ተከራዩ ምን ያድርግ? የበሩን ሥር በጨርቅ ይወትፋል፣ መስኮቱን ይዘጋል፣ ቡና የተፈላበትን ማንደጃ ሳያወጣ ይተኛል፡፡

ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፡፡ አይታይም፣ አይሸትም፡፡ ደማችን ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ጉልበት ይጣበቃል፡፡ «ከሰሉ ከቀላ በኋላ መርዝ የለውም» የሚባለው ውሸት ነው፤ ሲቀላ የሚጠፋው የሚታየው ጭስ ነው፡፡ «መርዙ ወደ መሬት ስለሚወርድ አልጋ ላይ የተኛ አይነካውም» የሚሉም አሉ፡፡ ክብደቱ ከአየር እምብዛም አይለይም፤ ክፍሉን በሙሉ ይሞላል፡፡ በ1980ዎቹ የወጣው «ላቀች» ማንደጃ ከሰል ይቆጥባል፤ የተሠራበትም ለዚያ ነው፡፡ ጋዙን ግን አያስቀረውም፡፡

ምልክቱን አጥብቃችሁ ያዙ፡- ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት፡፡ በተለይ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ከታመመ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት፡፡ በሩን ከፍቶ መውጣት፣ ሌላውን ጎትቶ ማውጣት፣ ከዚያ ሆስፒታል፡፡ እዚያ ኦክስጅን ይሰጡታል፡፡ ራሱን ለሳተ ሰው ወተት መጋት ግን ሊያንቀው ይችላል፡፡

ብርዱስ? ከሰል ከመግዛት በፊት ወደ ላይ ማየት ነው፡፡ በግድግዳና በጣሪያ መሀል ያለው ቀዳዳ ሙቀት ይሰርቃል፤ ይደፈን፡፡ ኮርኒስ ይሠራ፤ ቺፕውድ ካልተቻለ አቡጀዲም ይሆናል፡፡ ከግንቦት በፊት አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጎሚኒያቸው የተበላ ምስማሮችን ይቀይር፡፡ ምስማሩ ደግሞ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ አይመታም፡፡ እርጥብ ኮርኒስ ሙቀት አይዝም፡፡ አንዲት መስኮት ግን በምንም ምክንያት አትደፈን፡፡ ኪራይ ስትዋዋሉም ከውኃና ከመብራት ቀጥሎ ስለ ኮርኒሱ ጠይቁ፡፡ አከራዮቹ እስካሁን የተዉት ማንም ስላልጠየቃቸው ይመስለኛል፡፡